በረዶ ሳይወርድ ወደ ተራራ ከተማ መግባት፤ መቼ መሄድ፣ ምን ማጣራት ይገባል?

ጥያቄ፦ «ሥራዬን በኢንተርኔት ስለምሠራ ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ አፕሪል ድረስ በአንድ የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ከተማ ቤት ተከራይቼ ለመቆየት አስቤአለሁ። በአውሮፓዎቹ አልፕስ ይሁን በሰሜን አሜሪካዎቹ ሮኪ ተራሮች ገና አልወሰንኩም። በዚያ ሰሞን የቤት ኪራይ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምሄደው መኪናዬን ይዤ ሲሆን በረዶ በሚወርድበት አገር ኖሬ አላውቅም። ቀደም ብዬ መግባቴ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል? ከመግባቴ በፊትስ ምን ላጣራ?»

መልስ፦ ቀደም ብለው መግባትዎ ይጠቅምዎታል፤ ቀደም ብለው ውል መፈረምዎ ግን ሊጎዳዎ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን አለመለየት በተራራ ከተሞች በቤት ኪራይና በሕንፃ እንክብካቤ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ነው፤ እኔም ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ሠርቼዋለሁ። በኦክቶበር የሚያዩት ከተማና በጃንዋሪ የሚኖሩበት ከተማ ስማቸው አንድ ቢሆንም ፀሐያቸው፣ መንገዳቸውና ጎረቤታቸው ይለያያል። ስለዚህ በረዶ ከመውረዱ በፊት ያሉት ጭር ያሉ ሳምንታት ከኪራዩ ቅናሽ ይልቅ ቤቱንና ሰፈሩን በእርጋታ ለመመርመር በሚሰጡት ጊዜ ዋጋ አላቸው። በነገራችን ላይ «ክረምት» የሚለው ቃል ለእኛ የዝናቡን ወራት ስለሚያስታውሰን እዚህ ላይ «የበረዶ ወቅት» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ወራቱንም ሆነ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በመጀመሪያ የሚገቡበትን ሰሞን ይወቁት። የተራራ መዝናኛ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጭር ይላል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ የአልፕስ ከተሞች እንግዳ የሚቀበሉት በሞቃቱ ወራት ብቻ ነበር። በስዊዘርላንድ የሴንት ሞሪትዝ ከተማ ባለሆቴል የነበረው ዮሐንስ ባድሩት በ1864 የእንግሊዝ ደንበኞቹን በበረዶ ወቅት መጥተው ካልተደሰቱ ወጪያቸውን እሸፍናለሁ ብሎ ተወራርዶ እንደጋበዛቸው ይነገራል፤ የበረዶ ወቅት ቱሪዝም ታሪክም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀመራል። ዛሬ ግን ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ ያለው ጊዜ የጥገና ጊዜ ነው። የኬብል መኪናዎች ቆመው ገመዳቸው ይመረመራል፤ ምግብ ቤቶች በራቸው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈው ይዘጋሉ፤ አውቶቡሱ በየሰዓቱ ይመጣ የነበረው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል። ሐኪሙም ፋርማሲውም የሥራ ሰዓታቸውን ሊያሳጥሩ ስለሚችሉ ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከታች ካለው ትልቅ ከተማ ገዝተው ይውጡ። ይህን ሁሉ አይተው «ከተማው ሞቷል» ብለው እንዳይደናገጡ፤ በዲሴምበር ለመቆሚያ እንኳ ቦታ ያጡበታል።

አሁን ወደ ኪራዩ ልምጣ። ዋጋው የረከሰበት ምክንያት አለው። ብዙ አከራዮች ቤታቸው ባዶውን ከሚቀመጥ ብለው ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር አጋማሽ በዝቅተኛ ዋጋ ያከራዩና የገና ሳምንት ሲቃረብ መልሰው ይረከቡታል፤ ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናትና በፌብሩዋሪ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ላይ በሳምንት ሒሳብ ለጎብኚ ማከራየት እጅግ የተሻለ ገቢ ያስገኝላቸዋልና። ማስታወቂያው «ለረጅም ጊዜ» ይበል እንጂ ወሳኙ ውሉ ላይ የሰፈረው የማብቂያ ቀን ነው። ስለዚህ ውሉ እስከ አፕሪል መጨረሻ የሚዘልቅ መሆኑን፣ አከራዩ በበዓል ሳምንታት ቤቱን ለራሱ ወይም ለዘመዶቹ ለመረከብ መብት ያስቀረ አለመሆኑን፣ የማሞቂያው ወጪ በኪራዩ ውስጥ መካተቱንና ደጁን ከበረዶ የሚጠርገው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሰፍሮ ካላዩ በቀር አይፈርሙ። አከራዩ በቃል «ችግር የለም» ቢልዎ ችግር የሌለበትን ነገር ለመጻፍም እንደማይቸገር በትሕትና ይንገሩት።

በመጀመሪያው ዓመቴ ያሞኘኝ ግን ውሉ አልነበረም፤ ፀሐይዋ ናት። በኦክቶበር 9 ከቀትር በኋላ ቤቱን ሳየው ብርሃኑ ከሰፊው መስኮት ገብቶ እስከ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ነበር። እዚያው ቆሜ ፈረምኩ። በኖቬምበር 20 ገደማ ፀሐይዋ ከደቡቡ ተራራ ጫፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ጃንዋሪ 20 እስኪያልፍ ድረስ ያ መስኮት ጨረር አላየም። ነገሩ በስሌት አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር። አልፕስ በሚገኝበት በ46 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የቀትር ፀሐይ በኦክቶበር መጀመሪያ ሳምንታት ከአድማስ ወደ 38 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በዲሴምበር 21 ግን ከ20 ዲግሪ ብዙም አታልፍም። የሚያስፈልግዎ መሣሪያ የራስዎ እጅ ነው። መስኮቱ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ደቡብ ያዙሩ፤ ክንድዎን በዓይንዎ ትክክል ሙሉ በሙሉ ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጎን ወደ ላይ አድርገው ጡጫዎን ይጨብጡ፤ አንዱን ጡጫ በሌላው ላይ እየደራረቡ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ይቁጠሩ። አንድ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ተራራው ከሁለት ጡጫ በላይ ከሆነ በዲሴምበር ቀትር ላይ ፀሐይን ከዚያ መስኮት አይጠብቁ። የእኔው ሁለት ተኩል ነበር።

ይህ ለስሜት ብቻ የሚያስጨንቅ ጉዳይ እንዳይመስልዎ። ጨረር የማያገኝ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፣ የማሞቂያ ወጪን ይጨምራል፣ ደጁ ላይ የረጋው በረዶም ለሳምንታት ሳይቀልጥ መስታወት መስሎ ይቆያል። በኖርዌይ የምትገኘው ርዩካን ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ፀሐይ ስለማይደርስባት በ2013 ተራራው ላይ ሦስት ትላልቅ መስታወቶች ተክላ ብርሃኑ ወደ አደባባይዋ እንዲንጸባረቅ አድርጋለች፤ የጣሊያኗ ቪጋኔላም በ2006 ተመሳሳዩን አድርጋ ነበር። እርስዎ መስታወት ከመትከል ይልቅ ከሸለቆው ማዶ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ በሆነው ተዳፋት ላይ ያለውን ቤት ቢመርጡ ይቀላል። ከፍታውንም ልብ ይበሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ሸለቆው ወለል ወርዶ ይተኛል፤ በዚህ ምክንያት ከወንዙ ዳር ያለው ቤት መቶና ሁለት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራው ይበልጥ ሊበርደው ይችላል። በኦክቶበር ማለዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው ውርጩ የት ጋ እንደሚያቆም ቢያዩ ካርታ ከሚነግርዎ የበለጠ ይረዳሉ።

ማታ ላይ ደግሞ መንገዱን እየዞሩ የበራላቸውን መስኮቶች ይቁጠሩ። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ብዙው ቤት የዕረፍት ቤት ነው፤ በስዊዘርላንድ ጉዳዩ ከመክበዱ የተነሳ ሕዝቡ በማርች 2012 ድምፅ ሰጥቶ የዕረፍት ቤቶች በአንድ ማዘጋጃ ቤት ክልል ከጠቅላላው ቤት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። ጎረቤት የሌለው ሰው ቧንቧው ፈንድቶ ውሃ በደረጃው ቢወርድ «ቤትህ ውሃ እያፈሰሰ ነው» ብሎ የሚደውልለት የለውም። ስለዚህ ቋሚ ነዋሪ ያለበትን ሕንፃ ይምረጡ፤ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንትም በሩን አንኳኩተው ይተዋወቁት።

ስለ ቧንቧ ካነሳሁ አይቀር፣ አከራዩን ከሁሉ አስቀድመው ይጠይቁት የምልዎት አንድ ጥያቄ «ባለፈው ጃንዋሪ በዚህ ቤት ውስጥ ሰው ይኖር ነበር?» የሚል ነው። ለሞቃቱ ወራት ብቻ ታስቦ የተሠራ ቤት በየዓመቱ ውሃው ተዘግቶና ቧንቧው ተራግፎ የሚዘጋ ሲሆን እንዲህ ያለ ቤት ከብርድ ጋር ተፈትኖ አያውቅም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ያለፈውን የበረዶ ወቅት የማሞቂያ ሒሳብ ያሳይዎ። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ስለሚጨምር ብረትን እንኳ ይሰነጥቃል፤ በይበልጥ የሚጠቃው በውጭ ግድግዳ በኩል የሚያልፈውና ከጣሪያ ሥር ወይም ከወለል በታች ያለው ቧንቧ ነው። ለጥቂት ቀናት ከቤት ቢወጡ ማሞቂያውን ጨርሰው አያጥፉት፤ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ እንዳይወርድ አድርገው ይተዉት፤ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ከሆነም ከሥሩ ያለውን ቁም ሣጥን ክፍት አድርገው ይሂዱ። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ አከራዩ ይጠቁምዎና በገዛ እጅዎ ዘግተው ይክፈቱት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ መዝጊያ ይጣበቃል፤ መጣበቁን በኦክቶበር ቀን ላይ ማወቅ በጃንዋሪ ሌሊት ከማወቅ ይሻላል።

ቤቱ በእንጨት ምድጃ የሚሞቅ ከሆነ እንጨቱን ለመግዛት በኦክቶበር ዘግይተዋል ማለት ይቻላል። በደንብ የሚነደው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ሲሆን ይህንንም ለማግኘት ተፈልጦ አንድ ወይም ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። ሁለት ፍልጥ እርስ በእርስ ያጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ እርጥቡ ደግሞ ድፍን ያለ። እርጥብ እንጨት ጭሱ የጭስ ማውጫውን ውስጥ በጥቀርሻ ይለብጠዋል፤ ጥቀርሻው ደግሞ ራሱ ይቀጣጠላል። የጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ይጠይቁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለ ራስዎ ገዝተው ይስቀሉ፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ከመሣሪያው በቀር የሚነግርዎ የለም። ለብርድ አዲስ የሆነ ሰው መስኮቱን ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ አድርጎ ይተዋል ወይም ጨርሶ አይከፍትም፤ ሁለቱም አያዋጡም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርገው ከፍተው ይዝጉት፤ እርጥበቱ ይወጣል፣ ግድግዳው ግን ሙቀቱን አይለቅም።

ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ይመልከቱ። አዲስ የወረደ ቀላል በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሲመዝን ከርሞ የተጨመቀው 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሜትር የተጨመቀ በረዶ ቢቀመጥ 18 ቶን ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የተራራ ቤቶች ይህን እንዲሸከሙ ሆነው ስለሚሠሩ መሸከሙ አያሳስብዎ፤ የሚያሳስበው መውረጃው ነው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ በረዶውን የሚይዙ ትናንሽ የብረት መንጠቆዎች ወይም አግድም ብረቶች ካሉ በረዶው ባለበት ቆይቶ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ከሌሉ አንድ ሞቅ ያለ ቀን ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይናዳል። መግቢያ በሩ ወይም የመኪና ማቆሚያው እንዲህ ካለ ጠርዝ ሥር ከሆነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት።

ስለ መኪናዎ፤ የተለመደ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መንገድ መያዝ ስለሚያቅተው የበረዶ ጎማ በረዶ ሳይታይም ያስፈልጋል። በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለውን ይግዙ። ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው፤ ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ አፕሪል 15 ድረስ መንገዱ በረዶ ሲይዝ ታስገድዳለች፤ ፈረንሳይም ከ2021 ወዲህ በተለዩ የተራራ አካባቢዎች ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ መግጠምን ወይም የጎማ ሰንሰለት ይዞ መገኘትን ደንግጋለች። ሰንሰለቱን የበረዶ ጓንትዎን አድርገው፣ በደረቅ ቀን፣ በደጅዎ ሁለት ጊዜ አስረው ይፍቱት። መኪናዎ በናፍጣ የሚሄድ ከሆነ ከቆላ የሞሉትን ናፍጣ ይዘው አይክረሙ፤ ለሙቀት የተዘጋጀ ናፍጣ በብርድ ውስጡ ያለው ሰም እየረጋ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ከተማው እንደደረሱ ለብርድ የተዘጋጀውን ይሙሉ። የመጡበት መንገድም ላይጠብቅዎ ይችላል። በጣሊያን 2,757 ሜትር ላይ የሚያልፈው የስቴልቪዮ መንገድ፣ በአሜሪካዋ ኮሎራዶም ወደ አስፐን ከተማ የሚወስደውና 3,687 ሜትር የሚደርሰው የኢንዲፔንደንስ መንገድ በኖቬምበር አካባቢ ተዘግተው እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማ አይከፈቱም። በኦክቶበር የአንድ ሰዓት መንገድ የነበረው ከዚያ በኋላ ተራራውን በሙሉ መዞር ይሆናል። እንደ ስዊዘርላንዷ ዘርማት ያለ ከተማ ከመረጡ ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሹን አይገባም፤ ከታች ባለችው ቴሽ መንደር አቁመው በባቡር ይቀጥላሉ።

ከፍታን በተመለከተ በአልፕስና በሮኪ መካከል ያለው ልዩነት ለውሳኔዎ ይጠቅማል። በአልፕስ ያለችው የፈረንሳይዋ ሻሞኒ 1,035 ሜትር ላይ ስትሆን በሮኪ ያለችው የኮሎራዶዋ ብሬከንሪጅ ወደ 2,900 ሜትር ትደርሳለች። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ከዝቅተኛ ቦታ በአንድ ቀን የወጣ ሰው በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል። የሚረዳው መከላከያ በመንገድ ላይ በመካከለኛ ከፍታ አንድ ሌሊት ማደርና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ከባድ ሥራ አለመሥራት ነው፤ ዕቃ ማውረዱን ለሌላ ሰው ይተዉት። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ፈቃዱንም አይዘንጉ። ከኦክቶበር እስከ አፕሪል ሰባት ወር ነው፤ አልፕስ ላሉባቸው የአውሮፓ አገሮች የሚሰጠው የሸንገን አጭር ቪዛ ግን በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። በኢንተርኔት መሥራትም ቢሆን በጎብኚ ቪዛ ላይፈቀድ ስለሚችል የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ ሳይጠይቁ ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ አይክፈሉ።

የበረዶ ናዳን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛው ቤቱን ይመለከታል፤ ማዘጋጃ ቤቱ የናዳ ሥጋት ካርታ ካለው ያሳይዎ። በስዊዘርላንድ ካርታ ላይ ቀይ ቀለም አዲስ ቤት የማይሠራበት ቦታ ነው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1999 በኦስትሪያዋ ጋልቲውር መንደር ናዳ ወርዶ 31 ሰዎች ሲሞቱ የመታው አደጋ የለበትም ተብሎ የተገመተውን ቦታ ጭምር ነበር፤ መንገዱ ከዚያ በፊት ለቀናት ተዘግቶ ስለነበር ማንም መውጣት አልቻለም። በቤትዎ የሳምንት ምግብ፣ ውሃ፣ ባትሪና መድኃኒት ይኑርዎ የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው እግርዎን ይመለከታል፤ የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ሲነገር ሰው 4 እና 5 ሲባል ቤቱ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን «መካከለኛ ነው» ተብሎ በሚናቀው በ3 ላይ ነው። ለስኪ ከተከፈቱት መስመሮች ውጭ ለመውጣት የሚያስቡ ከሆነ አስቀድመው ኮርስ ይውሰዱ።

እንግዲህ ቀኑን ልወስንልዎ። በኦክቶበር መጀመሪያ ሳይሆን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይሂዱ፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ በአጭር ጊዜ ኪራይ ይረፉ፤ በእነዚህ ቀናት ቤቶቹን በማለዳ፣ በቀትርና በማታ ይዩ። ውልዎን እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ጨርሰው ይግቡ፤ ከዚያ በኋላ የኬብል መኪናውና የሆቴሉ ወቅታዊ ሠራተኞች ስለሚጎርፉ የተረፈው ክፍል ሁሉ ይያዛል። በኦክቶበር አነስተኛ ኪራይ የሚያተርፉት ጥቂት ሳምንት ሲሆን በተሳሳተ ቤት የሚቀጡት ግን ስድስት ወር ነው።

በእነዚያ ቀናት የመንገድ ሠራተኞች በመንገዱ ዳርና ዳር ረጃጅም እንጨቶች ሲተክሉ ያያሉ። መንገዱ ከተሸፈነ በኋላ የበረዶ ጠራጊው ሹፌር ጠርዙን የሚያውቀው በእነሱ ነው። እርስዎም በደጅዎ እንደዚሁ ያድርጉ፤ የደረጃውን ጠርዝ፣ የውሃ መውረጃውን ክዳንና የግቢውን ዝቅተኛ አጥር በቀጫጭን እንጨቶች ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከዚያ ከበሩ ላይ ቆመው ግቢውን በሙሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በፌብሩዋሪ አካፋ ይዘው ሲወጡ የት መቆፈር እንዳለብዎ የሚያሳይዎ ያ ፎቶ ነው።